የተደፈነው መስኮት

ዝናብ ሰውን ካላሰበበት ደጃፍ ያስጠጋል። በሰፈራችን የተደረገው ትልቁ ለውጥ የተጀመረው በስብሰባ ወይም በደብዳቤ አልነበረም፤ አንዲት ወጣት ሴት ጃንጥላዋን ረስታ በመውጣቷ ነው። እንዴት እንደሆነ እንዳየሁት ልንገራችሁ።

እኔ ጡረታ የወጣሁ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። ባለቤቴ ካረፈች በኋላ ቤታችንን ለልጆቼ ለቅቄ፣ በአንድ ግንበኛ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ገባሁ። ግንበኛውን ሰው ሁሉ ጋሽ ቱምቢ ይለዋል። ቱምቢ ግንበኞች ግድግዳ ቀጥ ማለቱን የሚያዩበት፣ በሲባጎ የሚንጠለጠል ብረት ነው። ስሙ የወጣለት ግንቡ ስለማይዛነፍ ነው፤ እየዋለ ሲያድር ግን ጠባዩንም የሚናገር ሆነ። አንድ ጊዜ ካለው ነገር ፍንክች አይልም። ከሰፈራችን ቤቶች ግማሹን የሠራው እሱ ነው። ባለቤቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ የሰፋችው ሁሉ ልክ ስለሚሆን እትዬ ልኬ ትባላለች። ሁለቱም ሰባን ተሻግረዋል፤ እኔም ብዙ አልቀረኝም። ስለዚህ በመካከላችን አንቱታ የለም።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ሦስታችንም ቤት ውስጥ ነበርን። እትዬ ልኬ የስፌት መኪናዋን እንደ ልማዷ ደጃፉ ላይ አድርጋ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። ቤቱ ከበሩና ከጣሪያው ሥር ካለች መዳፍ የምታህል ቀዳዳ በቀር ሌላ የብርሃን መግቢያ ስለሌለው፣ ሥራዋ ሁልጊዜ በር ላይ ነው። ድንገት ዶፍ ወረደ። ጋሽ ቱምቢ ብድግ ብሎ መኪናውን ወደ ውስጥ ሳበላት። እሷም ወደ ውስጥ ሲገባ መርፌው ስለማይታያት፣ እጇን ጭኗ ላይ አጣጥፋ ዝናቡ እስኪያባራ መጠበቅ ጀመረች።

በዚህ መካከል አንዲት ወጣት፣ የተጠቀለለ ወረቀት ኮቷ ውስጥ ሸሽጋ፣ እየሮጠች መጥታ ከጣሪያው ክፈፍ ሥር ቆመች።

"ግቢ እንጂ ልጄ፤ ቤት ለእንግዳ ነው" አላት ጋሽ ቱምቢ።

"እግሬ ጭቃ ነው አባባ፤ ቤት አበላሽባችኋለሁ።"

"ጭቃ ለግንበኛ ቤት እንግዳ አይደለም፤ ግቢ።"

ገባች። እትዬ ልኬ ፎጣ ሰጠቻት፤ ሻይ ተጣደ። ወጣቷ ራሷን ሳታደርቅ መጀመሪያ ወረቀቷን ስታደርቅ ያየ ጋሽ ቱምቢ "ከራስሽ አስበልጠሽ ከዝናብ ያዳንሽው ምን ቢሆን ነው?" ብሎ ጠየቃት።

"የቤት ንድፍ ነው። ሥራዬ ቤት መንደፍ ነው፤ አርክቴክት ነኝ።"

"እንግዲያ የሙያ ልጄ ነሽ።" ፊቱ በራ። ወዲያው ተነስቶ ግድግዳውን በቡጢ መታ አድርጎ አሳያት። "አንድ ክንድ ተኩል ውፍረት። ሲሠራ ሲባጎ የያዘችልኝ እሷ ናት።"

ወጣቷ ግድግዳውን እንደሚያውቅ ሰው በእጇ ዳሰሰችው። ከመኪናው በላይ ሚስማር ላይ የተሰቀለውን ካፖርት ገለጥ አድርጋም አየች። "ግሩም ግንብ ነው። ይህች ስንጥቅ ግን አራት ማዕዘን ናት፤ ግድግዳ በራሱ ጊዜ እንዲህ አይሰነጠቅም።"

"ልስኑ አርጅቶ ነው" አለና ካፖርቱን መልሶ አስተካከለው። እትዬ ልኬ ሻዩን ለማየት ጎንበስ አለች። አምስት ዓመት በዚያ ግቢ ስኖር ያችን ስንጥቅ አይቻት አላውቅም ነበር።

"ለመሆኑ ይህ ንድፍ የማን ቤት ነው?" አለ ጋሽ ቱምቢ ወሬ ለመለወጥ።

ወጣቷ ጥቅልሉን ጉልበቷ ላይ አሳረፈች። "ልዋሽዎት አልፈልግም አባባ። የዚህ ሰፈር ነው። የቤቶች መሥሪያ ቤት የላከኝ እኔን ነው።"

ነገሩ እንዲገባችሁ ትንሽ ወደኋላ ልመለስ። ከአንድ ወር በፊት ደብዳቤ ከሕንፃው ሥዕል ጋር ደርሶን ነበር። ሰፈሩ ፈርሶ በአዲስ መልክ ይሠራል፤ እያንዳንዱ ቤተሰብ፣ ተከራይም ቢሆን፣ እዚያው ቦታ ላይ በአዲሱ ሕንፃ ቤት ያገኛል፤ እስከዚያው ማረፊያ ይሰጠዋል፤ የሰፈሩ ሰው ካልተስማማ ግን ሥራው ወደ ሌላ ሰፈር ይዛወራል ይላል። ሰዉ ሁሉ "ጋሽ ቱምቢ ምን አለ?" ብሎ ጠየቀ። እሱ "በእጄ የሠራሁትን በቁሜ አላፈርስም" አለ። ጉዳዩም እዚያ ላይ ቆመ።

እንግዲህ ይህን ያወቀ ሰው ጋሽ ቱምቢ እንግዳዋን ያስወጣታል ብሎ ይጠብቃል። እሱ ግን ድምፁን ከፍ አላደረገም። "ዝናብ ያስገባውን ሰው አላስወጣም፤ ሻይሽን ጠጪ። ነገር ግን የልቤን ብናገር ቅር አይበልሽ።"

"ይናገሩ አባባ። በየሰፈሩ የምዞረው ይህንኑ ለመስማት ነው።" ቦርሳዋን ከፍታ ደብተርና እርሳስ አወጣች።

"እንግዲያ ስሚኝ። አንቺ የሳልሽው ቤት ግድግዳው ሁሉ መስኮት ነው። መስኮት የበዛበት ግድግዳ ጥርሱ የረገፈ አፍ ማለት ነው፤ ምን ያኝካል? በላዩ ሦስት ፎቅ ጭነሽበት ማን ከሥሩ እንቅልፍ ሊወስደው ነው?"

"የግንበኛ ጥያቄ ነው" አለች ፈገግ ብላ። "እርስዎ በሠሩት ቤት ግድግዳው ሁለት ሥራ አለበት። ጣሪያውንም ይሸከማል፣ ብርዱንም ይከላከላል። ትከሻው ላይ ጭነት ያለበት ሰው ደግሞ እጁን መዘርጋት አይሆንለትም፤ ብዙ መስኮት ቢከፍቱበት ይደክማል። በአዲሱ ሕንፃ ጭነቱን የሚይዙት ብረት ያለባቸው ዓምዶች ናቸው። ግድግዳው ምንም አይሸከምም። ስለዚህ የፈለግነውን ያህል ብንከፍተው ሕንፃው አይሰማውም።"

"ቤቱ በአጥንቱ ቆመ፣ ግድግዳው ቆዳ ሆነ በይኛ።"

"ከዚህ የተሻለ አልገልጸውም ነበር" አለችና ቃሉን ጻፈችው።

ጋሽ ቱምቢ ንግግሩ ሲጻፍ አይቶ አያውቅም። ደብተሩን በጎን እያየ ጉሮሮውን ጠረገ። "ይሁን። ደረጃውስ? ይህችን ሴት ጉልበቷን ያማታል፤ ከዚህ ሰፈር አሥር እንዲህ ያሉ አሮጊቶች እቆጥርልሻለሁ። ደግሞ ሁላችንም ሟች ነን። በዚያ ጠባብ ደረጃ ሬሳችን ሲወርድ ሊሳቅብን ነው?"

እኔ ሳልወድ ሳቅሁ። ወጣቷ ግን ሳትስቅ ጥቅልሏን ዘርግታ ደረጃውን በጣቷ ለካች። "እውነትዎን ነው፤ ጠባብ ነው። አሰፋዋለሁ። ምድር ቤቱን ልጆች እንዲጫወቱበት፣ ነፋስም እንዲያልፍበት ክፍት አድርጌው ነበር። አንዱን ጎን ግን ደረጃ ለሚከብዳቸው ሰዎች ቤት ላደርገው እችላለሁ። ይህን አላሰብኩትም ነበር።"

አንባቢዬ ሆይ፣ ከተማረ ሰው አፍ "አላሰብኩትም ነበር" የሚል ቃል መስማት ብርቅ ነው። እኔ ሠላሳ አምስት ዓመት ሳስተምር ስንት ጊዜ እንዳልኩት ብትጠይቁኝ መልሴ ያሳፍረኛል።

"ትልቁን ነገር አልነገርኩሽም" ብሎ ቀጠለ ጋሽ ቱምቢ። "እኔ ስታመም ሳያንኳኳ የሚገባ ጎረቤት አለኝ። ፎቅ ላይ የሚኖር ሰው ግን ጎረቤቱን የሚያውቀው በኮቴው ነው ይባላል። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል፤ አንቺ የቅርቡን ልታርቂብን ነው።"

ወጣቷ እርሳሷን አስቀመጠች። "በዚህ ነገር የሙያዬ ሰዎች ብዙ ቦታ ተሳስተዋል። ሃያ ፎቅ አቁመው፣ በመካከሉ ባዶ ሜዳ ትተው፣ ሰውን እንደ ዕቃ መደርደሪያ ላይ ያስቀመጡት አሉ። እኔም ተማሪ ሳለሁ እንደዚያ ዓይነት ሕንፃ አምሮኝ ነበር። አሁን ግን ከአራት ፎቅ በላይ አልወጣሁም፤ በአንድ ደረጃ የሚጠቀሙትም ስምንት ቤተሰቦች ብቻ ናቸው። ስምንት ቤተሰብ ይተዋወቃል። ደግሞም፣" ድምፅዋ ዝቅ አለ፣ "እኔ የተወለድኩት እንዲህ ባለ ግቢ ውስጥ ነው። ታናሽ እህቴ ደረቷን ታማ ከአልጋ ዋለች። ሐኪሙ መድኃኒቱን ጽፎ ሲጨርስ፣ ፀሐይና ንጹሕ አየር ያለበት ክፍል አስተኟት አለ። እናቴ ቤቱን ዞራ ዞራ አየችው። እንዲህ ያለ ክፍል አልነበረንም። ከተማ ዳር ወዳለች አክስታችን ዘንድ ላክናት። ዳነች፤ ግን ያደገችው ከእኛ ተለይታ ነው። ይህን ሥራ የመረጥኩት ያኔ ነው።"

ዝናቡ አባርቶ ነበር፤ ማንም ልብ አላለውም። ጋሽ ቱምቢ እስከ ግቢው በር ሸኛት። "እሑድ ጠዋት ተመለሽ" አላት። "ብትረቺኝም ባትረቺኝም ሻይ አይጠፋም።"

እሑድ ጠዋት ከወፍራም ነጭ ካርቶን የተሠራ ሞዴል ይዛ መጣች። አራት ረጃጅም ሕንፃዎች፣ እያንዳንዳቸው የጫማ ሣጥን የሚያህሉ፣ በሰሌዳ ላይ ተራርቀው ቆመዋል። ግቢው መካከል በርጩማ ላይ ፀሐይ እንዲያገኘው አድርጋ አስቀመጠችው። እትዬ ልኬ በሩ ላይ መኪናዋ አጠገብ ተቀምጣለች።

ጋሽ ቱምቢ ሞዴሉን ዙሪያውን ዞሮ አየው። "ለምንድን ነው ፊታቸውን ከመንገዱ ያዞሩት? ቤት ፊቱ ወደ መንገድ ነው፤ መንገድ ላይ ጀርባ መስጠት ነውር ነው።"

"መንገዱን የሠራው ሰው ስለ ፀሐይ አላሰበም፤ ያሰበው ስለ ጋሪ ነው። እኔ ቤቱን ያዞርኩት ወደ ፀሐይ ነው። መኝታ ቤቱ የጠዋቱን፣ ሳሎኑ የከሰዓቱን ያገኛል። በሁለቱም ወገን መስኮት ስላለ አየሩ በአንዱ ገብቶ በሌላው ይወጣል። መኪና ደግሞ ከዳር ይቆማል፤ በሕንፃዎቹ መካከል የሚያልፈው እግረኛ ብቻ ነው። ልጅና መኪና አንድ መንገድ አይሄዱም።"

"ማድ ቤቱስ? ቁም ሣጥን እኮ ነው ያደረግሽው።"

"እማማ፣" አለች ወጣቷ ወደ በሩ ዞራ፣ "ከምድጃው እስከ ውሃው ስንት እርምጃ ይሄዳሉ?"

እትዬ ልኬ አላመነታችም። "ሠላሳ አራት። ባልዲ ስይዝ አርባ ይሆናል።"

"በአዲሱ ቤት ሁለት ነው። ማድ ቤቱን ያሳነስኩት ቦታ ለመንፈግ አይደለም፤ እግርን ለማሳረፍ ነው። ውሃው፣ ምድጃውና ገበታው እጅ የሚደርስባቸው ናቸው፤ ጭሱም በራሱ መስኮት ይወጣል።"

ጋሽ ቱምቢ ማድ ቤቱን ትቶ ወደ ሌላ ዞረ። "እነዚህ ግድግዳዎች ደግሞ ልሙጥ ናቸው። ጌጥ የለ፣ ቅርጽ የለ። እኔ በሠራሁት ቤት ሁሉ ከበሩ በላይ አንዲት አበባ ሳልቀርጽ አልወጣም።"

"አበባዎችዎን በየደጃፉ አይቻቸዋለሁ፤ ያምራሉ። እኔ ግን ለጌጥ የሚወጣውን ድካም በመስኮቱ ላይ ባውለው ብዬ ነው። ግድግዳው ላይ ያለው አበባ የሚታየው ከውጭ ለሚያልፍ ሰው ነው፤ መስኮቱ ግን ለሚኖርበት ሰው ነው።"

"ይህን ሁሉ ባዶ መሬትስ በመካከሉ ለምን ታባክኛለሽ? አስጠግተሽ ብትሠሪ ሁለት ሕንፃ ይጨምርልሻል።" ይህን ብሎ፣ እንደ ባለሙያ ሰው ሳይፈቀድለት፣ ካርቶኖቹን በሁለት እጁ እየገፋ አስጠጋቸው።

ወጣቷ አልከለከለችውም። "አሁን ጥላውን ይዩት" አለች ብቻ።

ጎንበስ ብሎ አየ። የፊተኛው ሕንፃ ጥላ የኋለኛውን መስኮቶች እስከ ላይኛው ፎቅ ድረስ ውጧቸው ነበር። ጋሽ ቱምቢ አንዱን ካርቶን ትንሽ ወደኋላ ጎተተ፤ ጥላው አንድ ፎቅ ወረደ። እንደገና ጎተተ፤ አንድ ፎቅ ወረደ። የመጨረሻዋ መስኮት ብርሃን ስታገኝ ካርቶኑ ወጣቷ አስቀምጣው ወደ ነበረበት ቦታ ተመልሶ ነበር።

"ባዶ መሬት አይደለም" አለች በቀስታ። "የፀሐይዋ መንገድ ነው። ወደ ላይ ስንወጣ ነው ይህ መሬት የሚተርፈን፤ ዛፍ እንተክልበታለን፣ ልጆች ይሮጡበታል።"

ጋሽ ቱምቢ ቀና አለ። መረታቱን ያወቀ ሰው አንዳንድ ጊዜ የመጨረሻውን ድንጋይ የሚወረውረው ሳያነጣጥር ነው። "ብርሃን፣ ብርሃን ትያለሽ። እኛ ያለዚህ ሁሉ ብርሃን ኖረናል። ምን ጎደለብን?"

መልሱ የመጣው ከወጣቷ አልነበረም።

"መስኮቴ" አለች እትዬ ልኬ።

ሁላችንም ወደ በሩ ዞርን። እጇን መኪናው ላይ አሳርፋ፣ ለባሏ ሳይሆን ለእንግዳዋ ተናገረች። "ይህን ቤት ሲሠራልኝ ምን ትፈልጊያለሽ ብሎ ጠየቀኝ። በምሥራቅ በኩል መኪናዬን የማስቀምጥበት መስኮት አልኩት። ሠራልኝ። ሰፊ ነበር፤ ሁለት ሰው ክንዱን አስደግፎ የሚቆምበት። አሥራ አራት ዓመት ጠዋት ጠዋት እዚያ ተቀምጬ ሰፋሁ። ከዚያ ጋሪ ነጂው ጎረቤታችን ልጆች በዙበትና አንዲት ክፍል ልሥራ አለ። ቦታ የነበረው በእኔ መስኮት ፊት ነበር። ማን ይሥራው? ያው ግንበኛው እሱ ነው። ሠራለት። ግድግዳው መስኮቴ ላይ መጣ። በሌላ በኩል እከፍትልሻለሁ አለኝና በድንጋይ ደፈነው፤ ለሰነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሆነ። አልቀየምኩትም፤ ለሰው ልጆች መጠለያ ነው የሠራው። ግን ምን ጎደለ ሲል ዝም ብል፣ ውሸት መናገር ይሆንብኛል። ባለፈው ወር ሐኪሙ፣ ዐይንሽ አልታመመም፣ ብርሃን ነው ያጣው አለኝ። በዚሁ ከቀጠልኩ ግን ስፌቱን ልተው ነው።"

"ሐኪም ዘንድ ሄደሽ ነበር?" አለ ጋሽ ቱምቢ።

"መምህር ናቸው የወሰዱኝ። አንተን ማስጨነቅ አልወደድኩም።"

እውነት ነው፤ እኔ ነበርኩ፤ እንዳልናገር አስምላኝ ነበር። ሌላ ጊዜ አንተ የምትለኝን አንቱ ያለችኝም ነገሩ ስለከበዳት ነው።

ጋሽ ቱምቢ በአጠገቧ አልፎ ወደ ቤት ገባ። ወጣቷም የረታችበትን ክርክር አልገፋችበትም፤ ሞዴሏን ሰብስባ፣ የእትዬ ልኬን እጅ ስማ ሄደች። ይህን ማወቅ ከትምህርት ቤት አይገኝም።

በማግስቱ ጠዋት የመዶሻ ድምፅ ሰምቼ ገባሁ። ጋሽ ቱምቢ ካፖርቱን አውርዶ፣ በመሮ ልስኑን እየፈለጠ ነበር። ድንጋዮቹን አንድ በአንድ እያወጣ ወለሉ ላይ ደረደራቸው። የድሮው የእንጨት ክፈፍ ሳይበሰብስ ብቅ አለ። ከክፈፉ በስተጀርባ አንድ ጣት በማታስገባ ርቀት የጋሪ ነጂው ቤት ግድግዳ ቆሟል። ጋሽ ቱምቢ መዳፉን ያ ግድግዳ ላይ ጫነ።

"ተመልከተው መምህር" አለኝ። "ቀጥ ያለ ነው። እንዲህ ያለ ቀጥ ያለ ግንብ በዕድሜዬ አልሠራሁም።" መዶሻውን ወለሉ ላይ አስቀመጠ። እትዬ ልኬ መጥታ የቆሸሸ እጁን ያዘችው፤ እኔም ወደ ክፍሌ ተመለስኩ።

በዚያው ሳምንት ሁለታችን ወደ ወጣቷ መሥሪያ ቤት ሄድን። የሥዕል ጠረጴዛዋ ላይ ጎንበስ ብላ አገኘናት። ጋሽ ቱምቢ ከኪሱ አንድ ቋጠሮ ያለበት ሲባጎ አወጣ።

"እሺ ብያለሁ" አላት። "ሰፈሩንም እኔ አነጋግራለሁ። ግን መስኮትሽ ከፍ ብሏል። አንቺ የለካሽው ቆሞ ለሚያይ ሰው ነው። ሚስቴ ቁጭ ብላ ነው የምትኖረው። ይህ ሲባጎ ከወለል እስከ መኪናዋ ገበታ ነው፤ ስትሰፋ ነው የለካኋት።"

ወጣቷ ሲባጎውን ተቀብላ በማስመሪያዋ ለካችው፤ ከነደፈችው መስኮት ሃያ ሴንቲሜትር ዝቅ ያለ ነበር። እርሳሷን አንስታ በእያንዳንዱ ቤት የአንዱን መስኮት ደፍ ዝቅ አደረገች። "ስንት ሰው ነው ቤቱ ውስጥ ቁጭ ብሎ የሚውለው" አለች ለራሷ። "ሕፃናት፣ ሕመምተኞች፣ ሽማግሌዎች።" ከዚያም፣ ሳይጠይቃት፣ በየደረጃው ማረፊያ ላይ ሁለት ሰው የሚያስቀምጥ የግንብ መቀመጫ ጨመረች። "ይህ ደግሞ ሳያንኳኩ ለሚገቡት ጎረቤቶችዎ ነው፤ ወጥተው የሚገናኙበት።"

ጋሽ ቱምቢ ቃሉን ጠበቀ። ለሦስት ሳምንት ከቤት ቤት ዞረ። እኔም እየተከተልኩት እንደሰማሁት፣ የወጣቷን ትምህርት ወደ ራሱ ቋንቋ መልሶት ነበር። "ቤት ሣጥን አይደለም፤ ሳንባ ነው፤ ካልተነፈሰ ያሳምማል" ይላል። "መሬት ላይ ተጣበን ከምንኖር፣ ተደራርበን ብንሰፋ ይሻላል" ይላል። ልጆቹ መንገድ ላይ ለሚጫወቱበት አባት መኪና ከዳር እንደሚቆም ይነግረዋል፤ ውሃ ስትቀዳ ለምትውል ሴት ስለ ሁለቱ እርምጃ ይነግራታል። ለማንም የማይስማማውን አልነገረም።

የመጨረሻው ቤት የጋሪ ነጂው ሚስት ቤት ነበር። ባሏ ሞቶ፣ ልጆቿ ወጥተው፣ በዚያች ክፍል ብቻዋን ትኖራለች። ጉልበቷ ስለማይታጠፍ ፎቅ ትፈራለች። ጋሽ ቱምቢ ስለ ምድር ቤቱ አስረዳት። ከዚያም "ይህን ክፍል የሠራሁልሽ እኔ ነኝ፤ አፍርሺ ማለቱ እኔኑ ይከብደኛል" አላት።

አሮጊቷ ነጠላዋን አስተካከለች። "ባሌ ይህን ክፍል ሲያሠራ መስኮቱን ያውቅ ነበር። እኔም አውቅ ነበር" አለች። "ችግር ዐይን የለውም፤ ዝም አልን። ሠላሳ ዓመት በደጃፏ ሳልፍ ቀና ብዬ አላያትም። እሷ ግን ልጆቼን ሁሉ ዩኒፎርም አልብሳ ነው ያሳደገችልኝ። ይፍረስ ጋሼ። የት ልፈርም?"

ሕንፃው ሁለት ዓመት ፈጀ። ጋሽ ቱምቢ ጠዋት ጠዋት ሥራ ቦታው ላይ ይቆማል፤ ደመወዝ የለው፣ ሹመት የለው፤ ግንበኞቹ ግን ሳያሳዩት አንድ ደፍ አይጨርሱም ነበር። እኔ ሦስተኛው ፎቅ ላይ አንዲት ክፍል ደረሰችኝ፤ እነሱ ለእትዬ ልኬ ጉልበት ሲባል ምድር ቤቱ ውስጥ ገቡ።

አሁን ከገባን ዓመት አልፎናል። ያየሁትን ጥቅም በጥቂት ቃል ልናገር። በሰፈራችን በየክረምቱ የሚሰማው የልጆች ሳል ቀንሷል። ሴቶች ከውሃና ከጭስ ያተረፉትን ሰዓት፣ አንዷ ለንግድ፣ አንዷ ለትምህርት፣ አንዷም ለዕረፍት አውላዋለች፤ ዕረፍትም ሥራ ነው። በሕንፃዎቹ መካከል የተተከሉት ችግኞች ወገቤ ደርሰዋል። የደረጃው መቀመጫ ባዶ ሆኖ አያውቅም፤ እንዲያውም ወሬው በዝቶ ማለፊያ ስላጣሁ አንድ ሁለቴ አጉረምርሜአለሁ። ያልተስማማን ነገርም አለ፤ የልብስ ማስጫው ጣሪያው ላይ ስለሆነ ገና እንከራከራለን። ግን ክርክሩ ስለ ማስጫው እንጂ ስለ መኖር አይደለም። የቀድሞውን ኑሮ የሚያወድሱ ሰዎች ፍቅሩን እንጂ ጨለማውን አያስታውሱም፤ እኛ ፍቅሩን ይዘን ጨለማውን ትተን መውጣት እንደሚቻል አይተናል። አዲስ ነገርን የሚያመጣ ሰው ይህችን ወጣት ይምሰል፤ ያስተምር፣ ይማርም። አሮጌውን የሚጠብቅም ጋሽ ቱምቢን ይምሰል፤ ይከራከር፣ እውነቱን ሲያይ ግን መዶሻውን ያንሳ።

እነ ጋሽ ቱምቢ በገቡ ማግስት የሆነውን ግን ሳልነግራችሁ አላልፍም። ጠዋት ሰላም ልላቸው ወረድኩ። እትዬ ልኬ ዝቅ ባለው መስኮት አጠገብ መኪናዋ ላይ ተቀምጣ፣ ያለ መነጽር ክር ታስገባለች። ፀሐይዋ ትከሻዋንና ራሷን ሞልታዋለች። ጋሽ ቱምቢ ወንበሩን ወደ ግድግዳው አስጠግቶ ዝም ብሎ ያያታል። እኔ መግባቴን ሁለቱም ልብ አላሉም።

"ፀጉርሽ መቼ ነው እንዲህ የነጣው?" አላት።

እሷም ክሩን ሳብ አድርጋ ቋጨችና "ቆየ እኮ" አለችው። "ደህና አድርገህ ሳታየኝ ነው።"

ወንበሩን ወደ መስኮቱ አቀረበ።